ኪያር ተሸካሚው

ሠላሳ አንድ ዓመት በክሬን ጫፍ ተሰቅዬ፣
ከቡሳን ወደብ በላይ፣ እግሬን አጥፌ፣ ቁጭ ብዬ፣
የዓለሙን ሁሉ ዕቃ ሳነሣና ሳወርድ፤
የራሴ ሥጋ ግን ማንም ሳያነሣው ሲከብድ፣ ሲከብድ።

ጡረታ የወጣሁ ለት ሐኪሙ ወረቀት ሰጠኝ፤
"ጨው ቀንስ፣ ስብ ተው፣ ተራመድ" እያለ እንደ ልጅ ቀጣኝ።
ወረቀቱን ለጠፍሁት በማቀዝቀዣው በር ላይ፤
በሩን በከፈትሁ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፣ እንዳያይ።

ልጄ መሮጫ ማሽን ላከችልኝ ከሴኡል፤
ሦስት ቀን ሮጥሁ፤ ግድግዳው እዚያው ቆሞ ያየኛል።
በአራተኛው ቀን እጀታው ላይ ካልሲ አሰጣሁበት፤
ከዚያ ወዲያ ተስማማን፤ ሰላም ወረደ በቤት።

ከታች ፎቅ የምትኖር ማልሱን፣ ዓሣ ስትሸጥ የኖረች፣
ሱቋን ዘግታ ጩኸቷን ግን ይዛ ቤቷ የገባች፣
አንድ ማለዳ በሬን በክርኗ ደበደበች፤
"ያመጣኝ ጤናህ አይደለም፤ ጉልበቴ ነው" አለች።
"ተራራ የምንወጣ ሰባት ነን፤ ኪያር ተሸካሚ የለንም፤
ኢልጉን ወገቡን ታመመ፤ ከአንተ በቀር ሰው አላየንም።
ሦስት ኪሎ ነው ጠቅላላው፤ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፤
እምቢ ካልህም እንግዲህ፣ ካልሲህን ታሰጣለህ።"

ካልሲዬን በምን አወቀች? ለካስ ፎቁ ሙሉ ያውቀኛል፤
ያፈረ ሰው ደግሞ ጫማውን ለማሰር ይፈጥናል።

አራት መቶ ዐሥር ደረጃ! እኔ ስልሳውን ቆጥሬ፣
ሳል የያዘኝ መስዬ ቆምሁ፣ ከጥዱ ሥር ተገትሬ።
ማንም "አይዞህ" አላለኝም፤ ማንም ዞሮ አላየኝ፤
"ኪያሩ እንዳይጠወልግ!" ብቻ ነው ከላይ የተጮኸብኝ።
ለራሴ ልብ ብዬ አንድ ደረጃ ያልወጣሁ፣
ለሰው ኪያር ስል ግን ስልሳ አንደኛውን ረገጥሁ።

መንገዱ ግማሽ ላይ ምንጭ አለ፣ ሮዝ ጭልፋ የተሰቀለበት፣
አሮጊት ሽማግሌው የወገብ ቀለበት የሚያሽከረክርበት።
ኦክጃ፣ ሰማንያ ሞልቷት፣ ቀለበቷን እያዞረች፣
ከምራቷ ጋር በስልክ ስለ ኪምቺ ጨው ትጣላለች።
ዶክሆ የድሮ ዘፈን የምታንቋርር ሬዲዮ ይዞ፣
እንደ ሠርገኛ ይደርሳል፣ ዳገቱን በጭፈራ ተጉዞ።

ጫፉ ላይ ቁጭ ስንል ወደቡ ከእግራችን በታች፤
ክሬኔም እንደ ክብሪት እንጨት ከሩቅ ቀጥና ቆማለች።
ያን ያህል ዘመን ከላይ ሳለሁ፣ ያወጣኝ ሊፍት ነበር፤
ዛሬ ያወጣኝ እግሬ ነው፤ ይንቀጠቀጣል እንደ ክር።

ማልሱን ቢላ አትፈልግም፤ ኪያሩን በእጇ ሰበረች፤
ቀጭ!
ተራራው ሰማ። ግማሹን ወደ እኔ ዘረጋች።
"ጨው ስጡኝ" ብል ሳቁብኝ፤ "ከንፈርህ ላይ አለ" አሉኝ፤
ላስሁት፤ ላቤ ነበር። እንደዚያ ቀን ኪያር ጣፍጦም አያውቀኝ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ከየቦርሳው የየራሱን ዘረገፈ፤
የገብስ ሩዝ በሰሊጥ ቅጠል፣ ቶፉ በቃሪያ፣
ስኳር ድንች፣ ከነእንፋሎቱ በጋዜጣ የታቀፈ።
ለብቻዬ ስበላ ሥጋው ሞልቶ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፤
ምን እንደበላሁ ብጠየቅ ማስታወቂያው ይታወሰኛል።

በሦስተኛው ወር ኢልጉን ወገቡ ድኖ መጣ፤
"ቦርሳዬን" አለ እጁን ዘርግቶ። ነፍሴ ከቦታዋ ወጣ።
አልሰጠሁትም። ተጓተትን፣ ሁለት ሽማግሌ በአንድ ገመድ፤
ማልሱን ፈረደች፦ "ኢልጉን እስከ ምንጩ፤ ከምንጩ በላይ አንተ ውሰድ።"

ስንወርድ ቦርሳው ባዶ ነው፤ ዓይኔ ግን መንገድ ዳር ቀረ፤
የጸደይ ቅጠል ለቅሜ ሞላሁት፤ ማታ ሾርባዬ አማረ።
ማሽኑ? አሁንም ካልሲ ያደርቃል፤ ብቻ የአሁኑ ካልሲ
የጥድ መርፌ ይረግፍበታል።

ትናንት ሐኪሙ ግፊቴን ሁለቴ ለክቶ መነጽሩን አስተካከለ፤
"ምን እየወሰዱ ነው?" ቢለኝ፣ "ኪያር" አልሁት።
"ስንት ሚሊግራም?" አለ።
"ሦስት ኪሎ፣" አልሁት፤ "በጀርባ፤
ከምግብ በፊት።"